የውሃ መንገድ የማን ነው?

ሴትዮዋን ገበያው ሁሉ የሚያውቃት ሚስማር በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት አማቷ ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሸክላ ሠሪው ልጃቸው እጇን ይዞ ወደ ግቢያቸው ሲያስገባት፣ ከጭቃው ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ ለኳትና፣ "ሰው ሚስት ያገባል፤ የኔ ልጅ ሚስማር አግብቶ መጣ!" አሉ። ቀጭንና ረጅም ነበረች። ሰው ሲስቅ እሷም አብራ ሳቀች፤ የተናደደችው በኋላ ብቻዋን ስትሆን ነው። ስሙ ከቁመቷ ይልቅ ለጠባይዋ እንደሚስማማ ለማወቅ ግን ያ ቤት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሚስማር ሲመቱት ይጠብቃል።

ስለ ሸክላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያደገችው በክርና በመርፌ መሃል ነው። የባሏ ቤት ግቢ ደግሞ ከበሩ ጀምሮ ሸክላ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት የሸክላ መንኮራኩር፣ በግድግዳው ዙሪያ በሳንቃ ላይ የተደረደሩ እርጥብ ማሰሮዎች፣ እንዳይደርቁ የተሸፈኑበት የራሰ ጆንያ፣ ከኋላ ጢስ ያጠቆረው ማቃጠያ። አማቷ በመጀመሪያው ሳምንት መጥረጊያ ሰጧት። በሁለተኛው ውሃ አመላለሰች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠማማ ማሰሮና ጫፉ የተሳለ ሚስማር ፊቷ አስቀመጡና፣ "እስቲ ጫሪ" አሏት።

ጫረች። አማቷ አዩት።

"አንቺ ነሽ የጫርሽው ወይስ ዶሮ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዶሮ እንኳ ስትጭር ጥሬ ታገኛለች። ድገሚ።"

ደገመች። ያን ቀን አሥር ጊዜ ደገመች፤ ዓመቱን ሙሉ ደገመች። አማቷ ምላሳቸው ምላጭ ነበር፣ ግን የሚያውቁትን አይደብቁም። ሸክላ እርጥብ ሆኖ ሲቀርጹት መስመሩን ይውጠዋል፣ ደርቆ ሲቀርጹት ይፈረፈራል፤ የሚቀረጽበት ሰዓት በመሃል ያለው ነው፣ ጥፍር ሲያስገቡበት እንደ አዲስ ሳሙና የሚለሰልስበት። ያ ሰዓት ካለፈ አለፈ፤ እንግዳ መጣ፣ ልጅ አለቀሰ ብሎ አይጠብቅም። "ሚስማሩን አትግፊው፣ ሳቢው" ይሏት ነበር። "የሚገፋ እጅ ይቆፍራል፣ የሚስብ እጅ ይጽፋል።" ከመስመሩ ዳርና ዳር የሚነሳውን ፍርፋሪ በጣቷ ልትጠርግ ስትል እጇን ቸብ ያደርጓታል። "ተዪው! ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፋል። አሁን ከነካሽው መልሰሽ ነው የምትለጥፊው።"

ያ ቤት የሚታወቅበት አንድ ጌጥ ነበር፤ የውሃ መንገድ ይሉታል። የማሰሮውን ሆድ ዞሮ የሚመጣ ማዕበል ነው፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር አንዲት ቅጠል ትቀመጣለች። መጀመሪያ ማሰሮውን በክር ይለኩታል፣ ክሩን ሦስት ጊዜ አጥፈው ስምንት ቦታ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ነው። ጭንቁ መጨረሻው ላይ ነው። ማዕበሉ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ሲደርስ ራሱ ላይ መግጠም አለበት፤ የት እንደተጀመረ የት እንዳለቀ መታወቅ የለበትም። በየእጥፋቱ የገብስ ፍሬ ታህል ስህተት ከገባች፣ ስህተቷ መንገድ ላይ አትታይም፤ መጨረሻው ላይ ዘመድ አዝማዷን ሁሉ አስከትላ ነው የምትጠብቀው።

አራት ዓመት ፈጀባት። በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አማቷ የጨረሰችውን ማሰሮ አንስተው አዞሩት፣ ደግመው አዞሩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ አዞሩትና መግጠሚያውን ሲያጡት ምንም ሳይናገሩ አስቀመጡት። ሚስማር ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እሳቸው ዝም አሉ ማለት ተሞገስሽ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የአማቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም የዕድሜ ነው አላቸው፤ እሳቸው ሐኪሙን ልጅ እግር ነው ብለው ናቁት። ሚስማሩን ግን ዳግመኛ አላነሱም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዚያ ግቢ የወጣ የውሃ መንገድ ሁሉ የምራቲቱ እጅ ነው። ባልየው መንኮራኩር ላይ ጥሩ ነበር፤ እሱን የሚክድ የለም። እህቱ ሱቁን ትይዛለች፤ ለመነገድ የተፈጠረች ሴት ናት፣ አፏ ለደንበኛ ማር፣ ለምራት ግን ሬት። የሱቁ ሰሌዳ ላይም የውሃ መንገድ በሰማያዊ ቀለም ተስሎ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የቤቱ ጌጥ ይለዋል፤ ከኋላ ጎንበስ ብላ የምትቀርጸውን ግን የጠየቀ አልነበረም። እሷም እንዲጠይቁ አልፈለገችም። ቤቴ ነው ብላ ታምን ነበርና።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ባሏ ሌላ ቤት እንዳለው ሰማች። የሰማችው ከገበያ ነው፤ ገበያው ካወቀ ዓመት ሆኖት ነበር። ስትጠይቀው አልካደም፤ መሬት መሬት እያየ "አንቺ እንደሆንሽ ከሸክላው ጋር ነው የተጋባሽው" አላት። አማላጅ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ልብሷን በሻንጣ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን በእጇ፣ የመቅረጫ ብረቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። የባሏ እህት በሩ ላይ ቆማ ጥቅልሉን አየች።

"እሱም የቤቱ ዕቃ ነው" አለች።

አብዛኞቹን ብረቶች የሳለቻቸው ሚስማር ራሷ ነች፤ አንዱ እጀታው በእሷ አውራ ጣት ልክ ጎድጉዶ ነበር። ጨርቁን ፈትታ ብረቶቹን አንድ በአንድ ደጃፉ ላይ ደረደረቻቸው፣ ጨርቁን ግን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። "ጨርቁ ያባቴ ነው" አለች። "ሚስማር እንደሆነ የትም አይጠፋም።"

አማቷ ያን ጊዜ ከውስጥ ነበሩ። አልወጡም።

ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ብረት ቤት በላይ ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ተከራየች። በመስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ብረት ይቆረጣል፤ ልጅቷ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አድርጋ ታጠናለች። ለመቅረጫ ከጃንጥላዋ ሁለት ዘንግ ነቀለች፣ ከወደቀ ብስክሌት አንድ ሽቦ አገኘች፣ ከማንኪያ እጀታ ቅጠል መቅረጫ ሠራች። ታች ካሉት ብረት ቆራጮች አንዱ ስሎ ሰጣት። ጃንጥላው ከዚያ በኋላ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ቀረ፤ ዝናብ ሲመጣ እናትና ልጅ በደህናው ጎን ለመሆን ይጋፋሉ።

ሸክላ የምትገዛው ከአንድ ሽማግሌ ነው። ዝምታው ይሉታል። ጌጥ የማያውቅ፣ ሙልጭ ያለ ማሰሮ የሚሠራ፣ በቀን ከአምስት ቃል በላይ የማይወጣው ሰው ነው። እርጥብ ማሰሮ እንዲሸጥላትና ከቀረጸችው በኋላ ከራሱ ጋር እንዲያቃጥልላት ለመነችው። አሰበና "ይሆናል" አለ። ያቺ የዕለቱ የመጀመሪያ ቃሉ ሳትሆን አትቀርም።

በሸክላ ተራ መጨረሻ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ ማንም የማይፈልጋት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ተከራየቻትና መደርደሪያውን ሞላችው፤ የሞላችውም በውሃ መንገድ ነው። ከባሏ ቤት ሱቅ በሰባት በር ርቀት ላይ።

በሦስተኛው ቀን የባሏ እህት መጣች። አንዱን ማስቀመጫ አንስታ አገላበጠችው።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከእጄ።"

"እጅሽን ማን አስተማረው?"

"እናትሽ።"

"እንግዲያው የእናቴ ነው" አለችና ማስቀመጫውን ለቀቀችው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ብትንትኑ ወጣ። "ውይ፣ አመለጠኝ።"

የተራው ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ አየ። ሚስማር አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች፣ ከሱቋ ፊት ትንሽ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችና የተቀረጸው ገጹ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ደረደረችው። ደንበኛ ሲመጣ "ይሄ ምንድነው?" ይላል። እሷም "ከሰባት በር በላይ ካለችው ሴትዮ እጅ ያመለጠ ነው፤ ሂድና ጠይቃት" ትላለች። እየሄደ የሚጠይቅ አልጠፋም። በሳምንቱ የተራው ነጋዴዎች ማኅበር መጥሪያ ደረሳት።

የማኅበሩ ቢሮ ከተራው በላይ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ፤ የማይዞር ማራገቢያ፤ የላስቲክ ወንበሮች። ሊቀመንበሩ ገመድና መጥረጊያ የሚሸጡ ሰው ናቸው፣ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሰው "ጋሼ መጥረጊያ" የሚላቸው ለሸቀጡ ይሁን ለጉሮሯቸው በውል አይታወቅም። በአንድ በኩል ባልየው፣ እህቱና እናታቸው ተቀመጡ። በሌላው በኩል ሚስማር ብቻዋን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማሰሮ ነበር፤ አንደኛው ከቤቱ ሱቅ የመጣ፣ ሁለተኛው በሰው እጅ ከሚስማር የተገዛ።

"ጋሼ፣ ነገሩ አጭር ነው" አለች እህትየዋ። "ጌጡ የቤታችን ነው። አያቴ ሠርታዋለች፣ እናቴ ሠርታዋለች። እሷ በትዳር ገባች፣ በፍቺ ወጣች። የወጣ ሰው የቤት ዕቃ ይዞ ይወጣል እንዴ?"

"የምን ዕቃ?" አለች ሚስማር። "ብረቶቼን እንኳ ደጃፍሽ ላይ ደርድሬልሽ ነው የሄድኩት።"

ሊቀመንበሩ ወደ ባልየው ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ… እኔም እንደ እህቴ ነኝ።"

"እሱ ዕድሜውን ሙሉ እንደ እህቱ ነው" አለች ሚስማር። ከማኅበሩ ኮሚቴ አንዱ ሻዩ ትን አለው።

በመጨረሻ አማቷን ጠየቁ። ሚስማር ከወጣች ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አሮጊቷ የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን ጭናቸው መሃል ሸጉጠው ተቀምጠው ነበር።

"የቤታችን ነው" አሉ። "ከእናቴ ወረስኩት፣ እናቴም ከእናቷ። ይህች ልጅ ስትመጣ ባዶ እጇን ነው የመጣችው።"

ሚስማርን የማንም ቃል እንዲህ አልመታትም። እኚህ ሴት አሥራ ሰባት ዓመት አብረዋት የኖሩ ናቸው፤ ስትወልድ ወገቧን የያዙ፣ ልጇ ስትታመም አብረዋት ያነጉ። ውሃ ጠየቀች፤ አጠጧት። ከዚያ ተነሳች።

"እውነታቸውን ነው። ባዶ እጄን መጣሁ። ባዶ እጄን ግን አልወጣሁም። አሥራ ሰባት ዓመት ያስተማሩኝን የት ሄጄ ላራግፈው? አፍ ቢሆን ዝም በል ይባላል። እጅ ምን ይባላል?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁለቱን ማሰሮዎች ወደ አሮጊቷ ገፋ አደረጉ። "እማማ፣ እስቲ ልዩነቱን ያሳዩን። የቤታችሁ የቱ ነው፣ የሷስ የቱ ነው?"

አማቷ አንዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ መስመሩን ተከተለ፣ ሆዱን ዞረ። ያን አስቀምጠው ሌላውን አነሱ። ከታች የቧንቧው ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ይሰማል።

"ሁለቱም የሷ ናቸው" አሉ።

"እማዬ!" እህትየዋ ብድግ አለች። "ይሄኛውን ከሱቃችን ነው ያመጣሁት!"

"ከሱቃችን ልታመጪው ትችያለሽ። የቀረጸችው ግን እሷ ናት። ይሄ ሳትሄድ በፊት፣ ይሄ ከሄደች በኋላ።" ሁለተኛውን በጣታቸው መታ አደረጉት። "የኋለኛው ይሻላል።"

ሊቀመንበሩ ግራ ገባቸው። "ታዲያ ጌጡ የማን ነው ይላሉ?"

"አልኩህ እኮ። የቤታችን ነው።"

ኮሚቴው ወጥቶ ተመካከረ፣ ተመልሶ ገባ። ለተራው ሰላም ሲባል፣ አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሚስማር በዚህ ተራ የውሃ መንገድ መሸጥ ታቁም፤ አበባ፣ ወፍ፣ የፈለገችውን ትቅረጽ። ወረቀቱን አቀረቡላት።

"አልፈርምም።"

"ልጄ፣ እልህ ምሳ አይሆንም። ካልፈረምሽ ሱቁ ይታሸጋል።"

"ይታሸግ። እጄን ማሸግ የቻላችሁ ቀን ደግሞ ጥሩኝ።"

በማግስቱ አሸጉት። ገመድ ዘርግተው፣ ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መቱበት። እሷም ቆማ እስኪጨርሱ አየቻቸውና፣ "ገመዱ ላልቷል፤ ጋሼ ጥሩ ገመድ የላቸውም እንዴ?" አለቻቸው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማ አጣርታ ነበር። የማኅበሩ ሥልጣን የተራው ቆርቆሮ ጣሪያ የሚያልቅበት ላይ ያልቃል። ቧንቧው ያለበት የሲሚንቶ መድረክ የከተማው እንጂ የማኅበሩ አይደለም። በርጩማዋን ይዛ እዚያ ተቀመጠች፣ ሣጥን ገለበጠች፣ የራሰ ጆንያዋን ዘረጋች፣ በሁሉም ዓይን ፊት መቅረጽ ጀመረች። ከዚህ በፊት በሕይወቷ የውጭ ሰው እያያት ቀርጻ አታውቅም። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ማሰሮ አበላሸች። ከሰባት በር በላይ ያለችው ሴትዮ ወንበሯን አውጥታ በሩ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ጃንጥላው ያው ነው። አምስት የተቀረጹ ማሰሮዎች ረጥበው እንደ ገንፎ ተዝረከረኩ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷን ጭቃ በጭቃ ሆና አገኘቻት።

"እማ፣ በቃሽ በናትሽ። ሌላ ጌጥ ሥሪ። ወፍ መሥራት አይከብድሽም እኮ።"

"አይከብደኝም።"

"ታዲያ?"

"ዛሬ ጌጡን ተዪ ሲሉኝ ከተውኩ፣ ነገ ተራውን ልቀቂ ይላሉ። ከነገ ወዲያ ከዚህ ሰፈር። እኔ አንዴ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ከየትም አልወጣም።"

ይህን ብላ ለልጇ አልበገር አለች እንጂ፣ በማግስቱ ዝምታው ጋ ስትሄድ ያለቀሰችው ልቅሶ ሌላ ነው። አምስቱ ማሰሮዎች ጠፉ ብላ ጀመረች፤ ጨርሳ ያለቀሰችው ግን "ባዶ እጇን ነው የመጣችው" ለሚለው ቃል ነበር። ሽማግሌው መንኮራኩሩን አቁሞ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያም "ሆዱን ሰፋ ላድርገው?" አላት። በሚቀጥለው ሳምንት የሰጣት ማሰሮዎች ከወትሮው ሁሉ ሰፊ ሆድ ነበራቸው፤ ማዕበሉ የልቡን ሊንሳፈፍባቸው ይችላል።

ቧንቧው ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ጀሪካኑን ተራ አስይዞ እሷን ያያል። ማዕበሉ ዞሮ መግጠሚያው ሲቃረብ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲገጥም "እሰይ!" የሚል አለ፣ ተራው አልፎበት ከኋላው ካለው ጋር የሚጣላም አለ። ቀስ በቀስ ለውሃ ሳይሆን ለማየት የሚመጡ በዙ። የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ከተራው ድስት ይገዛል፣ ባልዲ ይገዛል፣ መጥረጊያም ይገዛል። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ልብ አሉ። አንድ ጠዋት ስትመጣ ሱቋ ላይ የነበረው ገመድ የለም። ማን እንደፈታው የሚናገር አልተገኘም። ውሳኔው አልተሻረም፣ አልተሰረዘም፤ ብቻ ተረሳ። ሊቀመንበሩን ስትጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አየሩ ጠባይ አወሩላት። ዕቃዋን ሱቁ ውስጥ ደረደረች፣ ለመቅረጽ ግን መድረኩን አለቀቀችም።

በባሏ ቤትም ሥራ አልቆመም። ጌጥ የተቆረጠበት የላስቲክ ሮለር አሠርተው እርጥቡን ሸክላ ያንከባልሉበታል፤ በአንድ ዙር የውሃ መንገድ ይወጣል። ርካሽ ስለሆነ በደንብ ይሸጣል፤ ከሷም ይበልጥ። እሷ ይህን ስትሰማ "ይሽጡ" ብላ መቅረጿን ቀጠለች። ልጇ ግን በየቅዳሜው አያቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ወሬ ይዛ ትመለሳለች። አሮጊቷ ሮለሩ ባለበት ክፍል መቀመጥ ትተዋል፤ ድምፁ ያመኛል ይላሉ፣ ሮለሩ ግን ድምፅ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር። "አያቴ ንገሪያት ብላለች። ቅጠሎችሽ ወፍረዋል።"

"ቅጠሎቼን የት አዩዋቸው?"

"በሰው አስገዝታ።"

"እንዲህ በያቸው። ቅጠሉ የወፈረው በማንኪያ ስለምሠራው ነው። ደህናው ብረት እናንተ ቤት ደጃፍ ላይ ቀርቷል በያቸው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። እጀታው በአውራ ጣት ልክ የጎደጎደው ብረት ነበር። መልእክት የለውም። ሚስማር አውራ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ቁጣዋ ተመልሶ መጣ። ብረት መላክ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ግን ሠራችበት።

አሮጊቷ ራሳቸው የመጡት ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ምርኩዝ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ በልጃቸው ሱቅ ፊት ወደ ጎን ሳያዩ አልፈው። ወረፋው መንገድ ለቀቀላቸው። ሚስማር ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ያ የወጉ ነው። ቀና ስትል ግን በሆዷ የያዘችውን አወጣችው።

"እማማ፣ በመጀመሪያ በቢሮ ያሉኝን ያንሱልኝ።"

"ምኑን?"

"ባዶ እጇን መጣች ያሉኝን።"

"ባዶ እጅሽን አልመጣሽም?"

"መጥቻለሁ።"

"ታዲያ እውነት ይነሳል?" ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩዋት። "ጌጡ የቤታችን ነው ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። አንቺ ከቤቱ አይደለሽም ያልኩት መቼ ነው? እነሱ ናቸው ያሉት። ያንን እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሚስማር ከቤቱ ስትወጣ ለምን ከውስጥ እንደቀሩ ልትጠይቃቸው አሰበች፤ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እስከ ዛሬ አልጠየቀቻቸውም። ልቧም ጨርሶ አልጠራም፤ ጠርቷል ብላ የምትናገርም ሴት አይደለችም። ብቻ ከሱቋ ወንበር አምጥታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ጀምሮ በየሐሙሱ እየመጡ እዚያ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው እየደከመም ቢሆን ስህተት አያመልጣቸውም።

ከወረፋው መሃል አንዲት ሴት ነች ነገሩን ያመጣችው። ጀሪካኗን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና፣ "እኔም ብሞክረው ትቆጫለሽ?" አለች። ሚስማር ሰው ሁሉ ሲሰማ፣ "ለምን እቆጣለሁ? የፈለገ ይማር። ክፍያ የለውም፣ ስድብ ግን አለው" አለች። በወሩ አራት ሴቶች ከሥሯ ተቀምጠው ይጭሩ ነበር፤ አንዷ የተራው ባልዲ ሻጭ ሚስት ነች።

አንድ ሐሙስ አማቷ ይህን ሲያዩ ምርኩዛቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

"ለሁሉ ሰጠሽው?!"

"እርስዎስ ለኔ ሰጥተው የለ?"

"አንቺን እኮ ልጄ ነው ያመጣሽ!"

"እነዚህን ደግሞ ውሃ ጥም አመጣቸው። አንድ ቤት ሲይዘው ነው አጥር የሚታጠርበት። አራት ቤት፣ አሥር ቤት ሲይዘው ማን ያሽገዋል?"

አሮጊቷ ተቆጥተው ሄዱ። ሁለት ሐሙስ ቀሩ። በሦስተኛው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ የባልዲ ሻጩን ሚስት በምርኩዛቸው ነካ አደረጓት። "አትግፊው አልተባልሽም? ሳቢው! እንዲህ ነው እጅ የሚቆፍረው።" ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ሚስማር ፊቷን ወደ ማሰሮዋ አዙራ ሳቀች።

ያን ዕለት ነበር የማኅበሩ መልእክተኛ አዲስ መጥሪያ ይዞ የመጣው። ሚስማር እጇ ጭቃ ስለነበር ራሱ እንዲያነብላት ነገረችው። ሰውየው አፍሮ ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሲል ወረፋው "ጮክ በል!" አለው። ከሳሽ ያው ከሰባት በር በላይ ያለችው ሴትዮ ነች፤ ክሱ የቤትን ጌጥ ለማንም መንገደኛ ማስተማር የሚል ነው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮ እንድትቀርብ ይላል።

ሚስማር ማዕበሉን ከእጥፋቱ አሳለፈችና ብረቱን አነሳች።

"በሦስት ሰዓት ሸክላው የሚቀረጽበት ሰዓት ነው፤ አልመጣም" አለች። "ንገራቸው። የሚፈልገኝ ሰው እዚህ ይምጣ፣ ሥራዬን እየሠራሁ እሰማዋለሁ። ወንበርም አለ።"

"የምን ወንበር?" አሉ አማቷ ከጥላው ሥር። "ወንበሩ የኔ ነው። የመጣው ቆሞ ይናገር።"